ጣት የምታሳርፍ ማውስ

አባቴ በጠዋት የመጣ ደንበኛ እግር ለክቶ አያውቅም። አርባ አንድ ዓመት ጫማ ሲሰፋ፣ ሰውዬው የቱንም ያህል ቢቸኩል «ወደ ማታ ተመለስ» ብሎ ያሰናብተው ነበር። እግር ሲውል ያብጣል፤ በጠዋት ልክ የተሰፋ ጫማ አመሻሽ ላይ ያሰቃያል። በዚህ አመሉ ያመለጡትን ደንበኞች እናቴ ትቆጥርለት ነበር እንጂ እሱ ጉዳዩም አልነበረም።

ስለዚህ በምሳ ሰዓት ወጣ ብዬ ገመድ አልባ ማውስ ልገዛ መሆኑን አንድ ጠዋት ስነግረው የሰጠኝ መልስ ሊገርመኝ አይገባም ነበር።

«በምሳ ሰዓት አይሆንም» አለ። «ማታ ከሥራ ስትመለሺ እለካሻለሁ። ነገ አብረን እንሄዳለን።»

«አባዬ፣ ማውስ እኮ ነው። ጫማ አይደለም።»

«እጅሽ ውስጥ አይደል የሚውለው?»

«ነው።»

«እንግዲያው ዝም በይ።»

አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ምላሴን የሚፈሩ ሰዎች አሉ። እቤት ግን ዛሬም ዝም በይ እባላለሁ፣ ዝምም እላለሁ።

ነገሩ የቀልድ አልነበረም። የቀኝ እጄ አውራ ጣት፣ አመልካች ጣትና የመሃል ጣት ከደነዘዙ ወራት አልፈዋል። ብርጭቆ ይዤ ብርጭቆው ከእጄ ሲወድቅ የማውቀው ድምፁን ስሰማ ነበር። ሐኪሙ መርምሮኝ በእጅ አንጓዬ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ታፍኗል አለኝ። «ሁለት ወር እሰጥሻለሁ» አለ። «የምትሠሪበትን ነገር ለውጪ፣ እጅሽን አሳርፊ። ካልተሻለሽ ቀዶ ጥገና ነው፤ ከዚያም በኋላ እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ አልምልልሽም።»

እጄን ማሳረፍ ማለት ለኔ ሥራዬን መተው ማለት ነው። ላለፉት ስድስት ዓመታት የምሠራው የመሬት ካርታ ክፍል ውስጥ ነው። በእጅ የተሳሉ የድሮ ካርታዎች ስካን ተደርገው ስክሪኔ ላይ ይመጣሉ፤ እኔ የየይዞታውን ወሰን እየተከተልኩ በየማዕዘኑ በማውስ ነጥብ አስቀምጣለሁ። በቀን ከሦስት ሺህ ነጥብ በላይ። አንዲት ነጥብ ያለቦታዋ ከተቀመጠች የአንዱ ግቢ ያድጋል፣ የጎረቤቱ ያንሳል። እያንዳንዷን ስህተት በቀይ አክብቦ የሚመልስልኝ ተቆጣጣሪ አለ፤ እኛ ሚሊሜትር ነው የምንለው። አይጮህም፣ ፊቱንም አይቋጥርም፤ ዝም ብሎ ያከብባል። ቀይ ክቦቹ እየበዙ ሲመጡ አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ «እጅሽ ካልተስተካከለ ወደ መዝገብ ቤት አዛውርሻለሁ፤ ለራስሽ ብዬ ነው» አለኝ። ለራስሽ ብዬ ነው የሚለኝ ሰው ደሜን ያፈላዋል። በተለይ እውነቱን ሲሆን።

እቤት ግን ከሐኪሙም ከሚሊሜትርም በላይ የከበደን ሌላ ነገር ነበር። አባቴም እኔም አናነሳውም። የእናቴ እጅ።

ጫማ ቤታችን አንድ መስኮትና አንድ በር ነበረው። አባቴ ቆዳውን ይቆርጣል፣ የስፌቱን ቀዳዳ በወስፌ ይበሳል፤ እናቴ ትሰፋለች። ብርሃን የሚገባው በመስኮቱና በበሩ ብቻ ስለነበር እሱ ወደ መስኮቱ፣ እሷ ወደ በሩ ዞረው ጀርባና ጀርባ ይቀመጣሉ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በመሃላቸው ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። እጄን አመመኝ ስትለው «ያልፋል» ይላት ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የሱም ወገብ ያመው ነበር፣ ለወገቡም ያልፋል ነበር የሚለው። የሱ አለፈለት። የሷ ቀኝ እጅ ግን እየተጨበጠ ሄዶ ተጨብጦ ቀረ። ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል። የሞተችው በሌላ ሕመም ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት የቀሚሷን ቁልፍ የምቆልፍላት እኔ ነበርኩ።

ታዲያ የኔ ጣት መደንዘዝ ሲጀምር እኔም ያልፋል አልኩ። አባቴ ቃሏን ከአፌ የሰማት ዕለት የያዘውን ማንኪያ አስቀመጠና «ይቺን ቃል እዚህ ቤት ሁለተኛ እንዳልሰማት» አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው ማውስ መግዛቱ የሱ ጉዳይ የሆነው።

ማታ ከሥራ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግቶ፣ እርሳስ ቀርፆ፣ የድሮ ሜትሩን አውጥቶ ጠበቀኝ። እጄን ወረቀቱ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእርሳስ ዞረው። የእጄን መዳፍ ስፋት፣ የጣቶቼን ርዝመት፣ የአንጓዬን ውፍረት ለክቶ ጻፈ። ዓይኑ ስለደከመ ቁጥሮቹን አጎንብሶ ነበር የሚጽፋቸው። በመጨረሻ ውሃ ውስጥ ያቆየውን ስስ ቆዳ አወጣና መዳፌ ላይ ጫን ጫን አድርጎ፣ ጥጥ በጨርቅ ጠቅልሎ አስጨበጠኝ።

«እስኪደርቅ አትንቀሳቀሺ።»

«ስንት ሰዓት ነው የሚደርቀው?»

«ትዕግሥት ከእናትሽ አልወሰድሽም» አለና ከጎኔ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ያህል እንደዚያ ቆየን። ቆዳው ሲደርቅ የመዳፌን ጉድጓድ ቁልጭ አድርጎ አወጣው። አባቴ አገላብጦ አየውና ፊቱ ፈካ። እንዲህ ሲደሰት ካየሁት ቆይቻለሁ።

በማግሥቱ አመሻሽ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫው ውስጥ ገባን። ሻጯ ገና ወጣት ናት፤ አንገቷ ላይ መነጽር አንጠልጥላለች። አስራ አንድ ዓይነት ገመድ አልባ ማውስ ባንኮኒው ላይ ደረደረችልን። ጠፍጣፋ አለ፣ ለኪስ የሚሆን ትንሽ አለ፣ ሰው ሲጨባበጥ እንደሚይዘው እጅን አጋድሞ የሚያስይዝም አለ። አባቴ ከኮቱ ኪስ የደረቀውን ቆዳ ሲያወጣ ሻጯ ደነገጠች።

«አባባ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«የእጇ ፎርማ ነው» አላት። «ጫማ ሰፊ ሁሉ የደንበኛውን እግር በእንጨት ይቀርፃል፤ ፎርማ ይባላል። እኔ የልጄን እጅ በቆዳ አወጣሁ። ማውሶችሽን እያነሳሽ ስጪኝ።»

እያንዳንዱን ማውስ ቆዳው ሥር እያስገባ ሞከረ። «ይሄ ጎኑ ባዶ ነው።» «ይሄ እጇን ያሳጥርባታል።» «ይሄንን ለማን ብለው ነው የሠሩት?» ሻጯ መጀመሪያ ሳቋን ዋጠች፤ በኋላ ግን እሷም አጎንብሳ ማየት ጀመረች። ዘጠነኛው ጥቁር፣ ትልቅ፣ ጀርባው ከፍ ያለ ማውስ ነበር። ቆዳው ላዩ ላይ ሲቀመጥ በመሃላቸው ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት አልቀረም። ያዝኩት። መዳፌን ሞላው። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

«ልኳ ነው» አለ አባቴ፣ ጫማ ሲያስረክብ በሚናገርበት ድምፅ።

«ካልተስማማችሁ ካርቶኑን እንዳትጥሉት» አለች ሻጯ። «በአስራ አምስት ቀን ውስጥ ከመለሳችሁ እቀይርላችኋለሁ።»

አባቴ ፈገግ አለ። እሱ የለካው ተመልሶ አያውቅም።

በአምስተኛው ቀን ሕመሙ ከአንጓዬ አልፎ ክርኔ ደረሰ። በሰባተኛው ቀን ሚሊሜትር አንድ ካርታ ላይ አስራ ዘጠኝ ቀይ ክብ አክብቦ መለሰልኝ። ማታ ማታ አባቴ «እንዴት ዋለች እጅሽ?» ሲለኝ «ደህና ናት» እለዋለሁ። ያንን ፊቱን እያየሁ ሌላ ምን ልበለው? ዋሸሁት። በዘጠነኛው ቀን ግን ሻይ እየጠጣን ሳለ ኩባያዬን አየ። የያዝኩት በግራዬ ነበር።

«እናትሽም ስትጀምር በግራዋ ነበር የምታነሳው» አለ።

እሷን አንስቶ ስለ እጇ ሲያወራኝ የመጀመሪያው ነው። ዓይኔን ከኩባያው ሳላነሳ «አልሆነልኝም አባዬ» አልኩት። «ልኬ ነው፤ ግን አልሆነልኝም።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብዙ አሰበ።

«ደንበኛ ጫማው ቆረጠኝ ብሎ ሲመጣ» አለ በመጨረሻ፣ «ጫማውን አይደለም የማየው። ከበሩ እስከ መንገዱ ማዶ ሂድና ተመለስ እለዋለሁ። አረማመዱን ነው የማየው። አንቺን ሳላስኬድ ለካሁሽ። ነገ መሥሪያ ቤትሽ እመጣለሁ።»

«አባዬ፣ መሥሪያ ቤት እኮ ነው!»

«ዝም በይ አልልሽም» አለ። «እባክሽ ነው የምልሽ።»

እባክሽ ብሎኝ አያውቅም። እሺ አልኩት።

በማግሥቱ ክት ልብሱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ። ሚሊሜትር ምን ሊል ይሆን ብዬ ወደሱ ዞርኩ። ሚሊሜትር ግን የአባቴን በእጅ የተሰፋ ጫማ አየ፣ የራሱን ጫማ አየ፣ ከዚያ የራሱን ወንበር አምጥቶ ከጎኔ አስቀመጠለት። ባልደረቦቼ አንገታቸውን አስግገው ሲያዩን አፈርኩ፤ ሥራዬን ጀመርኩና ኀፍረቱ ተረሳኝ።

አባቴ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስክሪኑን አንዴም አላየም፤ የሚያየው እጄን ነው። አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከፊት፣ አንዴ አጎንብሶ ከጠረጴዛው ጋር እኩል ሆኖ። ከዚያ አመልካች ጣቱን ዘረጋና ከኔ አመልካች ጣት ሥር አስገባት። በጣቴና በማውሱ ቁልፍ መሃል ጣቱ ሳትነካካ አለፈች።

«ይቺ ጣት ለምን አትቀመጥም?» አለኝ።

ምን እንደሚል አልገባኝም ነበር። ጣቴን አየኋት። አየር ላይ ተንጠልጥላለች። ነጥብ ላስቀምጥ ስል ትወርዳለች፣ ወዲያው ትነሳለች፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ነጥብ እንደተነሳች ትጠብቃለች። እንዲህ መሆኗን እኔ ራሴ አላውቅም ነበር።

«አስቀምጫት እስቲ።»

አስቀመጥኳት። ቁልፉ ገና የጣቴን ክብደት ሲነካ ጠቅ አለ፤ ካርታው ላይ ያላዘዝኳት ነጥብ ተቀመጠች። የአንድ ሰው አጥር ወደ ጎረቤቱ ገባ። ሳላስበው ጣቴን አነሳሁ፣ ነጥቧን አጠፋሁ። ያኔ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። ቀይ ክቦቹን ፈርቼ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ጣቴን አላሳረፍኳትም። አዲሱ ማውስ ደግሞ መዳፌን ሞልቶ ይያዝ እንጂ ጀርባው ከፍ ያለ፣ ቁልፉም ለንክኪ የሚቸኩል ስለነበር ከድሮው አብልጦ ነበር የሰቀላት።

«ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው» አለ አባቴ። «አንድ እግር አንስቶ የሚውል ሰው ምን ዓይነት ጫማ ያድነዋል?»

ባርኔጣውን አንስቶ ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመና «እኔና እናትሽ ጀርባና ጀርባ ነበርን» አለ። ለኔ ይሁን ለራሱ አላወቅሁም።

ሻጯ እንደገና ስታየን ካርቶኑን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። አባቴ በዚህኛው ጊዜ ቆዳውን አላመጣም።

«ቁልፏ ጠንከር የሚል የትኛዋ ናት?» ብሎ ጠየቃት።

«ኧረ አባባ፣ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ለስለስ ያለውን ነው! ድምፅ የሌለውን፣ ገና ሲነኩት የሚታዘዘውን።»

«የኔ ልጅ የምትፈልገው ሳታዝዘው የማይታዘዘውን ነው።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና ኮምፒውተሯን ወደኛ አዞረች፤ ስዕል መሳያ ከፈተችልን። ማውሶቹን አንድ በአንድ እያገናኘች ሰጠችኝ። እኔ ጣቴን በሙሉ ክብደቷ አስቀምጬ እጠብቃለሁ፤ ስክሪኑ ላይ ነጥብ ከወጣ አባቴ «ቀጥይ» ይላል። ሰባቱ ነጥብ አወጡ። ስምንተኛዋ ሻጯ ከመሳቢያ ሥር ፈልጋ ያወጣቻት፣ ካርቶኗ አቧራ የያዘ፣ ግራጫ፣ ምንም ዓይን የማትስብ ማውስ ነበረች። ጣቴን አስቀመጥኩ። ነጥብ የለም። እጄን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ወሰድኩት። የለም። ሆን ብዬ ተጫንኩ፤ ጠቅ አለች፣ አንድ ነጥብ ብቻ። ጣቴ ሳትነሳ እዚያው ቀረች።

«ትንሽ ታንሰኛለች» አልኩ። «ልኬ አይደለችም።»

«ልክሽ አይደለችም» አለ አባቴ። ለሱ ይህን መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። «ግን ታሳርፍሻለች። ውሰጃት።»

መጀመሪያ የለመደው እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ጣቴ ሳላውቀው ትነሳለች። አባቴ የስክሪኔ ጠርዝ ላይ እንድለጥፈው በትንሽ ወረቀት «ተቀመጪ» ብሎ ጻፈልኝ። ሚሊሜትር ወረቀቱን አንብቦ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ክርኔ ተወኝ። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ውሃው መቀዝቀዙን በአመልካች ጣቴ አወቅሁ፤ ቧንቧውን ሳልዘጋ ቆሜ አለቀስኩ። ሁለት ወሩ ሲሞላ ሐኪሙ ጣቶቼን በመርፌ ጫፍ እየነካካ ጠየቀኝና «ቀዶ ጥገናውን እንርሳው፤ ያገኘሽውን ነገር እንዳትለቂው» አለ።

ይህን ለአባቴ የነገርኩት ቅዳሜ ነው። እሰይ አለ፣ ግንባሬን ሳመኝ። እሁድ ረፋድ ላይ መኝታ ቤቱ ገብቶ ቆየና ሳጥን ይዞ ወጣ። ከሳጥኑ ወስፌውን፣ የስፌት መርፌና በሰም የታሸ ክር፣ ሁለት ቁራጭ ቆዳ አወጣ። መስኮቱ ጋ ሁለት ወንበር አስቀመጠ። ፊት ለፊት።

ቆዳዎቹን ደርቦ እንደ ድሮው በወስፌ በሳቸው። ዓይኑ ቢደክምም ቀዳዳዎቹ እኩል፣ ጠባብና ውብ ነበሩ። ከዚያ ቆዳውን ሰጠኝ።

«አንቺ በመሃላችን ነበር የምትቀመጪው» አለ። «ታዪያት ነበር። እንዴት ነበር የምትሰፋው? አሳዪኝ።»

መርፌውን ያዝኩ። እናቴ እንደምታደርገው የቆዳውን አንድ ጫፍ በጉልበቶቼ መሃል አጥብቄ መርፌውን አስገባሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። እሷ ያኔ የምታደርገውን አስታወስኩ፤ አንጓዋን ወደ ውስጥ ትጠመዝዛለች፣ አውራ ጣቷን መርፌው ላይ ትጭናለች፣ ትከሻዋን ከፍ አድርጋ በሙሉ ጉልበቷ ትስባለች። እንደዚያው አደረግኩ። መርፌው ወጣ። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ አባቴ እጄን ያዘና አስቆመኝ።

«ሁሌ እንዲህ ነበር?»

«ሁሌ።»

«ሁሉም ቀዳዳ?»

«ሁሉም አባዬ።»

ቆዳውን ከእጄ ወስዶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አደረገና በቀዳዳዎቹ አየ። ልዋሽለት እችል ነበር። ዘጠኝ ቀን ዋሽቼው ምን እንዳተረፍኩ ስላወቅሁ እውነቱን ነገርኩት።

«አንድ ቀን ጠይቃህ ነበር» አልኩት። «ቀዳዳውን ትንሽ ሰፋ አድርግልኝ አለችህ። አንተ ሳትዞር...»

«ውሃ ያስገባል አልኳት» አለ አባቴ።

አስታውሶታል። ይህን ሁሉ ዓመት ያስታውሰው ነበር።

ወስፌውን አነሳ። ከቀሩት ቀዳዳዎች የመጀመሪያው ውስጥ አስገብቶ ትንሽ፣ ከአንዲት ክር የማይበልጥ፣ ዞር አደረገው። ቀጥሎ ያለውንም። ዓይኑ እንባ ስለሞላ ቀዳዳዎቹን የሚያገኛቸው በጣቱ እየዳሰሰ ነው። ሲጨርስ ቆዳውን መለሰልኝ።

«አሁን ስፊው።»

መርፌውን አስገባሁ። በሁለት ጣቴ ብቻ ነካ አድርጌ ሳብኩት፤ አንጓዬ ሳይዞር፣ ትከሻዬ ሳይነሳ፣ ከወዲያኛው ወገን ወጣ። አባቴ ክሩ ተስቦ እስኪያልቅ እጄን ሲያይ ቆየ።

«ይኸው ብቻ ነበር የፈለገችው?» አለኝ።

«ይኸው ብቻ ነበር» አልኩት።